«ብርዱ ወረደ» ሲባል ከየት ወዴት ነው?

ጠያቂ፦ ስለ ሰሜን ዋልታ ክረምት በሚያትት ጽሑፍ ውስጥ «ድንገተኛው ሙቀት በስትራቶስፌር ያለውን የዋልታ አዙሪት ከሰበረው በኋላ ብርዱ ወረደ» የሚል ዐረፍተ ነገር ገጠመኝ። ላይ ሞቆ ታች የሚበርደው እንዴት ነው? «ወረደ»ስ እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?

ባለ ግዕዙ፦ በጸሎተ ሃይማኖት «ወረደ እምሰማያት» እያልን አድገን ይህ ሊያከራክረን አይገባም። ብርዱ ከላይ ወደ ታች መጣ ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦ በግሱ አልከራከርዎትም፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከተራሮች እንዲሁም ከየብስና ከባሕር የሙቀት ልዩነት የሚነሡ ግዙፍ ሞገዶች ወደ ስትራቶስፌር፣ ማለትም ደመናና ዝናብ ካለበት በላይ ወዳለው የአየር ንብርብር፣ ወጥተው ሲሰበሩ፣ የዋልታ አዙሪት የተባለውን፣ ዋልታውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዞረውን ነፋስ ያዳክሙታል፤ አንዳንዴም አቅጣጫውን ይገለብጡታል። ያን ጊዜ ከዋልታው በላይ ያለው አየር ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ስለሚታመቅም በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሞቅ ይችላል። ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ሪቻርድ ሼርሃግ እ.ኤ.አ. በ1952 በርሊን ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የወረደው አየር ሞቀ እንጂ አልበረደም።

ባለ ግዕዙ፦ ታዲያ ሰው ያንቀጠቀጠው ብርድ ከየት መጣ?

የፊዚክስ መምህሩ፦ ከዚያው ከምድር አጠገብ ነው። የነፋሱ መዳከም ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይተላለፍና ከስትራቶስፌር በታች ያለውን ፈጣን የነፋስ ጅረት፣ ጄት ስትሪምን፣ ወደ ደቡብ ይገፋዋል፤ በዋልታው ዙሪያ ታግዶ የነበረው ቀዝቃዛ አየርም፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 መጨረሻ እንደሆነው፣ አውሮፓን ያጥለቀልቃል። ተጽዕኖው እስከ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፤ የእያንዳንዱ ድንገተኛ ሙቀት ተጽዕኖ ግን ምድር ይደርሳል ማለት አይደለም።

ቅኔ ወዳዱ፦ ሰሙ ብርድ፣ ወርቁ የነፋስ መድከም ነው በሉና።

ሌላ አባል፦ እኔ ግን ጸሐፊው ካርታ እያየ የጻፈው ይመስለኛል፤ ደቡብ ታች ስለሆነ «ወረደ» አለ።

ባለ ግዕዙ፦ በዚህ ፍቺ ከሄድን የደቡብ ዋልታው ብርድ «ወጣ» ሊባል ነው?

የፊዚክስ መምህሩ፦ በዚያ ሞገዶቹ ደካሞች ናቸው፤ ነፋሱን በስትራቶስፌር እስከ መገልበጥ የደረሰ ዐቢይ ሙቀት የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 ብቻ ነው።

ባለ ግዕዙ፦ አንድ ጊዜም ይሁን፣ «ወጣ» ያለ ጸሐፊ ካለ ያምጡልኝ።