የቀጤ ነክ መስመሮች ስሎፕ ብዜት ለምን -1 ይሆናል?

ጠያቂ፣ አራት ኪሎ፦ ልጄን ሳስጠና፣ የሁለት ቀጤ ነክ (በ90 ዲግሪ የሚገናኙ) መስመሮች ስሎፕ (የሽቅብ እርምጃው ለአግድም እርምጃው ሲካፈል) ሲባዛ -1 እንደሚሆን ደብተሩ ላይ አየሁ፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። የሚያስረዳኝ ይኖራል?

መልስ፦ በካሬ ወረቀት ላይ ከመነሻው (0፣ 0) እስከ (3፣ 2) መስመር ያስምሩ፤ ስሎፑ 2/3 ነው። መስመሩን 90 ዲግሪ ወደ ግራ ሲያዞሩት፣ 3ቱ የአግድም እርምጃ ሽቅብ፣ 2ቱ የሽቅብ እርምጃ ደግሞ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ነጥቡ (-2፣ 3) ላይ ያርፋል፤ አዲሱ ስሎፕ -3/2፣ ብዜቱም -1 ይሆናል። ነጌቲቩ፣ ከፒያሳ ወደ ለገሀር እንደሚወርደው ቸርችል ጎዳና፣ ቁልቁለትን ያመለክታል።

ሌላ መልስ፦ ትክክል ነው። ሆኖም አግድምና ቋሚ መስመሮች ቀጤ ነክ ቢሆኑም፣ ቋሚው መስመር ስሎፕ ስለሌለው ደንቡ አይሠራባቸውም፤ ፈተና ላይ ተማሪን የሚያሳስተው፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው ነው።

ጠያቂ፦ ስለዚህ ስሎፑ 4 ለሆነ መስመር የቀጤ ነኩ ስሎፕ -1/4 ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አዎን።