ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት አይናገርም፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ እናት ከጀሞ
ሰላም እህት ወንድሞቼ። ወንድ ልጄ ስሙን ስጠራው ዞር አይልም። ቆርኪ ከሰጡት ግን ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ዓይኑን ከመስመሩ ጋር አስተካክሎ ሲደረድር ይውላል፤ አንዷን ካነሱበት ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። "ማማ"፣ "ውሃ" ይል ነበር፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ተወው። የሚፈልገው ነገር ሲኖር እጄን ይዞ ይጎትተኛል እንጂ በጣቱ አይጠቁምም። አንድ ሐኪም "የኦቲዝም ምልክት ነው" ብሎ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደማደርግ የነገረኝ የለም። አማቴ "ለሠራተኛ ጥለሽው እየዋልሽ ፍቅር አጥቶ ነው" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ የክትባት ጣጣ ነው ብሎ የዘጠኝ ወር እህቱ የኩፍኝ ክትባት እንዳትወስድ ከልክሏል። ጥፋቱ የኔ ነው? ቤት ውስጥስ ምን ልሥራ?

የሥነ ልቦና መምህር
እህቴ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው?" ላልሽው ልመልስ፤ ይህ ክስ ካንቺ በፊት የስንት እናት አንገት አስደፍቷል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 ባልቲሞር ውስጥ ያያቸውን 11 ልጆች ገልጾ ጻፈ። (ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች ሐኪም በ1925 ሞስኮ ላይ ተመሳሳይ ልጆችን መዝግባ ነበር፤ ሰሚ አላገኘችም እንጂ።) ካነር ነገሩ አብሮ የሚወለድ ነው ቢልም፣ ወላጆቹ ቀዝቃዛ ናቸው የሚል ቃል ጣል አደረገ። ያችን ቃል ሌሎች አራገቧት። ቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን በእናት ላይ ደፈደፈው፤ ልጇን ልታሳክም የሄደች እናት ራሷ ተከሳሽ ሆና ትመለስ ነበር።

ግን ማስረጃው ሌላ ነው። በርናርድ ሪምላንድ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም የኦቲስቲክ ልጅ አባትም የነበረ ሰው፣ በ1964 ምክንያቱ የአእምሮ አፈጣጠር እንጂ የእናት ፍቅር ማነስ አይደለም ብሎ ሞገተ። በ1977 ሱዛን ፎልስቲንና ማይክል ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች 21 ጥንድ መንትዮችን መረመሩ። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱም ጋ አልተገኘም። በሁለቱም ወገን መንትዮቹን ያሳደገች እናት አንድ፣ ቤቱም አንድ ነው፤ የተለያየው የሚጋሩት ዘር መጠን ነው። ካነር ራሱም በ1969 ወላጆች በተሰበሰቡበት ቆሞ ከክሱ ነፃ ናችሁ አላቸው። ለአማትሽ በትሕትና ይህንኑ አስረጂያቸው።

ነርስ ከሐዋሳ
የክትባቱን ወሬ የጀመረው አንድሪው ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1998 እ.ኤ.አ. በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ላንሴት በተባለ የሕክምና መጽሔት ያሳተመው ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለና በ2019 የወጣ ጥናት በኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል። እባክሽ ሕፃኗን አስከትቢ፤ አንዱ በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው።

ለልጁ ደግሞ መጀመሪያ አንገት በላይ ክፍል ወስደሽ መስማቱን አስመርምሪ። ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ጆሮው ሳይታይ መታለፍ የለበትም። የነበሩትን ቃላት መተዉንም ለሐኪሙ ሳትረሺ ንገሪ። አዲስ አበባ ከሆንሽ የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት ሥነ አእምሮ ክሊኒክን ጠይቂ።

እናት ከኮተቤ
አይዞሽ የኔ እህት። የኔ ልጅ አሁን ጎረምሳ ነው፤ የሠራልኝን ልንገርሽ። ቆርኪውን አትንጠቂው፤ የምትገቢበት በር እሱ ነው። ወለሉ ላይ አጠገቡ ተኚ፣ አንቺም ደርድሪ። ሲለምድሽ ቆርኪዎቹን አንቺ ያዢና አንድ በአንድ ስጪው። ከመስጠትሽ በፊት ፊትሽ አጠገብ አድርገሽ "ቆርኪ" በይና ዝም ብለሽ ጠብቂ። ዓይኑን ቢያነሳ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ "እ" ቢል ወዲያው ስጪው። ቃል እስኪያወጣ አታስለቅሺው፤ ያየሽ እንደሆነ ተናግሯል ማለት ነው። ንግግርሽን አሳጥሪ፦ "ውሃ"፣ "እንውጣ"፣ "አለቀ"። የኩባያውን፣ የጫማውን፣ የሽንት ቤቱን ፎቶ አሳትመሽ በቁመቱ ልክ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ እጅሽን ሲጎትት ወደ ፎቶው ውሰጂውና በጣቱ አስነኪው። በፎቶ መግባባት ንግግሩን አያዘገይበትም። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ፎቶውን አሳዪው፤ የሚያስጮኸው ብዙ ጊዜ ድንገተኛነቱ ነው።

ማዕከልም ፈልጊ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነፍሳቸውን ይማርና ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጅ ቤት ተቆልፎበት ይኖር በነበረበት ጊዜ ልጃቸውን ይዘው አደባባይ የወጡ ናቸው። ነህምያ የተባለ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ቦታ ቶሎ ስለማይገኝ ዛሬውኑ ሄደሽ ተመዝገቢ።

አባት ከቨርጂኒያ
በዚሁ ልጠይቅ፦ የኛ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሷም አትናገርም፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ስለተቀላቀለባት ነው ይሉናል።

የሥነ ልቦና መምህር
ወንድሜ፣ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፤ አማርኛችሁን አትተዉ። እዚያ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቅድመ ልጅነት ድጋፍ አለ፤ ምርመራው በነፃ ነው፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሦስት ዓመት ሲሞላት ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይዞራል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ጠያቂ፦ እናት ከጀሞ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሸክም አቀለላችሁልኝ። ፀበል ልውሰደው ወይ? ደግሞስ ሲያድግ ሰው ይሆናል?

እናት ከኮተቤ
እምነትሽ ከሆነ ውሰጂው፤ እኔም ወስጃለሁ። ግን እንዳይታሰር፣ እንዳይመታ ከአጠገቡ አትራቂ፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለም አታቋርጪ።

የሥነ ልቦና መምህር
አሁንም ሰው ነው እህቴ። ካነር ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። በሦስት ዓመቱ ተቋም አስገብተውት ነበር፤ ወላጆቹ መልሰው ወደ ቤት ወሰዱት። ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ባንክ ሠራ፣ በ27 ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፣ ብዙ አገር ዞረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ሁሉም ልጅ እንደ እሱ አይሆንም፤ ዕድሜ ልኩን ሳይናገር የሚኖርም አለ። የዶናልድን ኑሮ ያቀናው ግን የከተማው ሰው ከነጠባዩ ስለተቀበለው ጭምር ነው።

ነርስ ከሐዋሳ
ወደ ክሊኒክ ስትሄጂ ሲደረድር፣ ስትጠሪው፣ እጅሽን ሲጎትት በስልክሽ ቀርጸሽ ያዢ። አዲስ ቦታ ሲገባ ሊያለቅስ ስለሚችል ሐኪሙ የቤቱን ጠባይ የሚያየው በቪዲዮው ነው። "ማማ" ሲል የተቀረጸ የድሮ ቪዲዮ ካለሽም አትርሺ።