ባለቤቴ እርጉዝ ናት፤ የግፊት ክኒንም ዛሬ ውጣለች፤ ቶሎ መልሱልኝ!

ዘጌ ቡና፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ማርገዟን ዛሬ አወቅን። ጠዋት የግፊት ክኒኗን ውጣለች። አሁን ስልኬ ላይ ሳነብ፣ በግና ጥንቸል ላይ ሲሞከር ጽንሱ ሞተ ይላል። ታስመልሰው ወይ? ያለነው ዘጌ ነው፤ መሽቷል። እባካችሁ!

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የትኛው ክኒን? ስሙን ጻፍልን።

በግ አርቢው፦ በግ ሌላ፣ ሰው ሌላ። በግ ደንግጣ ከሮጠችም ትጥላለች። አትሸበር።

ጣና ዳር፦ አቁማ ነጭ ሽንኩርት ትብላ። እናቴ በዚያ ነው የኖረችው።

ፋርማሲስቱ፦ በግ አርቢው፣ ነገሩ በበግ አልቆመም። በ1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ካፕቶፕሪል የተባለ የግፊት ክኒን የተሰጣቸው ያረገዙ በጎችና ጥንቸሎች ብዙ ጽንስ ሞተባቸው። በኋላ ሰው ላይም ጉዳቱ ታየ። ጽንሱ ኩላሊቱ እንዲሠራ አንጂኦቴንሲን የሚባል ሰውነት የሚሠራው ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል፤ ክኒኑ ያንን ይቀንስበታል። ኩላሊቱ ሲደክም ሽንቱ ያንሳል። የእንሽርት ውሃ ደግሞ ከአራተኛው ወር ወዲህ በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ነው፤ ስለዚህ ውሃውም ያንሳል። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለነዚህ መድኃኒቶች ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ሎሳርታን ቤተሰቡ ሌላ ቢሆንም ለጽንስ ጉዳቱ ያው ነው።

ዘጌ ቡና፦ ማሸጊያው ኤናላፕሪል 10 ይላል። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ወር አልፎታል።

ጣና ዳር፦ ነጭ ሽንኩርት ብያለሁ!

ሲስተር አዋላጅ፦ ሽንኩርቱን ተዉት። ልታስመልሰውም አትሞክር። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከአራተኛው ወር ወዲያ ነው፤ በጊዜ ነው ያወቃችሁት። ነገ በማለዳ፣ ክኒኑን ሳትውጥ፣ በመኪናም በጀልባም ባሕር ዳር ግቡና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሐኪም ይያት። ማሸጊያውን ያዙ። ሜቲልዶፓ ወይም ኒፈዲፒን ይቀይሩላታል። ግን አቁማ ቤት እንዳትቀመጥ፤ ያልተያዘ ግፊት ራሱ እናትንም ጽንስንም ይጎዳል። ሌሊት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም ወይም ደም ካየች ንጋትን አትጠብቁ።

የግሽ ዓባይ ልጅ፦ ሲስተር ያለችህን አድርግ። ሐኪም ይያት። ልጁ ሲወለድ የዘጌ ቡና እንጠጣለን፤ ጣና በሉት!

ዘጌ ቡና፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር። ማሸጊያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትቻለሁ። መኪና ያለው ሰው እየፈለግሁ ነው።

በግ አርቢው፦ ሲስተር፣ እህቴ ሎሳርታን ትወስዳለች። ዘንድሮ ልጅ እያሰበች ነው። ለእሷስ?

ሲስተር አዋላጅ፦ ሳታረግዝ ይቀየርላት። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪሟ ውሰዳት።