ትልቅ ፋይል ኮፒ ሳደርግ ዴስክቶፑ ስታክ ያደርጋል፤ ዲስኩ 100% ይላል፣ ፍጥነቱ ግን 0

ሜላት_ኤዲት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ራሙ 16 ጊጋ፣ ሲስተሙ ያለው 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ፣ ዲ የምለው ደግሞ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው። ስጽፍም ኢንተርኔት ስጠቀምም ምንም አይልም። የቪዲዮ ፎልደር ወደ ዲ ኮፒ ማድረግ ስጀምር ግን ትንሽ በደንብ ይሄድና ድንገት ቀጥ ይላል። ማውዙ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ስታርትን ብነካ አይከፈትም፣ የተከፈቱት ፎልደሮችም "ኖት ሪስፖንዲንግ" ብለው ነጭ ይሆናሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለቀኛል፤ በንዴት የነካካሁት ሁሉ ያን ጊዜ ተግተልትሎ ይከፈታል።

ታስክ ማናጀርን አስቀድሜ ከፍቼ አየሁት። ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፣ ራሙ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዲስኩ 100% ይላል፣ ግን የሚጽፈው 0 ኪሎባይት ነው። እየሠራ ነው ወይስ ቆሟል? ፎርማት ላድርገው?

ብስራት_ፒሲ፦
ዊንዶው ሲቆይ እንደዚህ ያደርጋል። ፎርማት አድርጊና አዲስ ጫኚ። ያ ካስጠላሽ ሰርች ኢንዴክሲንግንና ሲስሜይንን (ከኋላ የሚሠሩ የዊንዶው አገልግሎቶች ናቸው) አጥፊ፣ ከዚያ ዲ ላይ የዲስክ ስህተት መፈተሻውን ቸክዲስክን በ/አር አስኪጂው።

ጥገና_ክፍል፦
ፎርማቱን ተይው። ማንም ያጥፋ ማን፣ ሁሌ የሚገረፈው ዊንዶው ነው።

ያ 100% ፍጥነት አይደለም። ዲስኩ ያልመለሰው ጥያቄ በእጁ ይዞ የቆየበት ጊዜ ድርሻ ነው። ስለዚህ 100% እና 0 አንድ ላይ ሲመጡ፣ ትእዛዝ ተቀብሎ ወጥ ቤት ገብቶ እንደቀረ አስተናጋጅ ነው፦ ተልኳል፣ መልስ የለም። ፐርፎርማንስ ውስጥ ዲን ምረጪና "አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም" የሚለውን እዪ። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመዞር 8.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። ሥራ ተደራርቦበት መቶ ቤት ቢገባ አልደነቅም። ሺዎች ካለ ግን ጉዳዩ የሥራ ብዛት አይደለም።

ሁለተኛው የምጠይቅሽ፦ ሲስተሙ ኤስኤስዲ ላይ ከሆነ የዲ ችግር ስታርትን ለምን ያንቀዋል? ዴስክቶፕ ወይም ዳውንሎድስ ፎልደርሽን ወደ ዲ አዛውረሻል? ፔጅ ፋይሉስ (ዊንዶው ራምን ለማገዝ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይል)? እነዚህ ዲ ላይ ካሉ ፎልደሮችን የሚያሳየው ኤክስፕሎረር ራሱ ዲን ሲጠብቅ ይደርቃል።

ቀጥሎ ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶው የክስተት መዝገብ) ክፈቺ፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም። በደረቀበት ሰዓት ምን ተጽፏል? ከስቶርኤኤችሲአይ (የዲስክ መስመሩ ድራይቨር) የመጣ 129 ካለ፣ ዊንዶው መልስ አጥቶ መስመሩን ሪሴት አድርጓል ማለት ነው። ከዲስክ የመጣ 7 ካለ ባድ ብሎክ ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። በመጨረሻም የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎን አውርደሽ 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 የሚባሉትን የስህተት ቆጣሪዎች ጥሬ ቁጥሮች ጻፊልኝ።

ብስራት፣ ቸክዲስክ /አር የዲስኩን እያንዳንዱን ሴክተር ነው የሚያነበው። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ሰዓታት ሙሉ ማስሮጥ መጨረሻውን ማፋጠን ነው። ሲ5 (ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ቆጣሪ) ዜሮ መሆኑ ሳይታይ አይነካም። ዜሮ ካልሆነ መጀመሪያ ባክአፕ።

ሜላት_ኤዲት፦
አየሁ። ሪስፖንስ ታይሙ ሲደርቅ ከ9,000 ሚሊሰከንድ አለፈ! ኢቨንት ቪውወሩ 129 ብቻ ነው፣ ተደርድሯል፤ 7 የለም። 05፣ ሲ5፣ ሲ6 ሁሉም ዜሮ። ሲ7 ግን ከብዙ ዜሮዎች በኋላ 1ቢ4 ይላል፣ ፊደል ያለበት ቁጥር ነው። ሲ (ኤስኤስዲው) ስለጠበበኝ ዴስክቶፕም ዳውንሎድስም ዲ ላይ ናቸው፣ እውነትህን ነው።

ጥገና_ክፍል፦
ዲስክሽ ደህና ይመስላል። ፊደል ያለበት ፕሮግራሙ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) ስለሚያሳይ ነው፤ 1ቢ4 ማለት 436 ነው። ፈንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫሊዩስ ገብተሽ ወደ 10 ብትቀይሪው በተለመደው ቁጥር ያሳይሻል።

ሲ7 በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል መንገድ ላይ ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጣሪ ነው። የሲአርሲ ምርመራው ሲይዘው እንደገና ይላካል፣ ስለዚህ ፋይልሽ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሰዓትሽ ነው። ቀላል ሥራ ላይ አይታወቅም፣ ኮፒው ሲከብድ ግን ስህተቱ ይበዛና ዊንዶው ጠብቆ ጠብቆ መስመሩን ሪሴት ያደርጋል። ግማሽ ደቂቃሽ እዚያ ነው ያለቀው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ሳታ ኬብል ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊው፣ ከሶኬት ንቀዪው፣ ክፈቺው። ኬብሉ ዲስኩ ጀርባ ላይ ተጠማዝዞ የኬዙ ክዳን ተጭኖታል? ከፓወር ገመዶች ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ታንቋል? በጣት ስትነኪው ይወዛወዛል? ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ ባለው ቀይሪው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፖርትም አብረሽ አትቀይሪ፣ አለበለዚያ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቂም። ቆጣሪው ወደ ኋላ ስለማይመለስ 436ን ጻፊው። ከዚያ ያንኑ ፎልደር ኮፒ አድርጊ። ቁጥሩ ከቆመ ጨርሰሻል፣ ከጨመረ ያኔ ፖርቱን፣ ቀጥሎ የፓወር ገመዱን።

ሳሚ_ዲ፦
ጣልቃ ልግባና፣ የእኔም ይንቀራፈፋል ግን 129 የለኝም፣ ሲ7ም ዜሮ ነው። መጀመሪያ ይበርና ብዙ ጊጋ ከተጻፈ በኋላ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል።

ጥገና_ክፍል፦
ሳሚ፣ የዲስክህን ሞዴል ቁጥር ፈልግና ኤስኤምአር የሚባለው ዓይነት መሆን አለመሆኑን አረጋግጥ። በእነሱ ላይ ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው ስለሚጻፉ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቶቹም እንደገና ይጻፋሉ። መጀመሪያ የሚበረው መቀበያ ካሹ (ጊዜያዊ ማቆያው) እስኪሞላ ነው። ብልሽት አይደለም፣ ኬብልም አይፈታውም። ፋይል ለማስቀመጥ ይሆናል፣ ኤዲት ለማድረግ ግን አልመክርህም።

ሜላት_ኤዲት፦
ቀየርኩት! የድሮው ኬብል ዲስኩ ጋ የሚሰካው ጫፍ ላይ ታጥፎ ፕላስቲኩ ነጭ መስመር አውጥቷል። ያንኑ ፎልደር እስከ መጨረሻው ኮፒ አደረግኩ፣ አንድም 129 የለም፣ ሲ7ም 436 ላይ እንደቆመ ነው። ኮፒው እየሄደ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፎልደር ስከፍት ግን አሁንም ትንሽ ያስጠብቀኛል።

ጥገና_ክፍል፦
እሱ የሃርድ ዲስክ ተፈጥሮ ነው፤ አንዲት ክንድ ሁለት ቦታ ትሮጣለች። ዴስክቶፕን ብቻ ወደ ሲ መልሺው፣ ዳውንሎድስ እዚያው ይቆይ። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሪስቶር ዲፎልት፣ ከዚያ አፕላይ። ፋይሎቹን ልውሰድ ብሎ ሲጠይቅሽ የስ በይ፤ ከዚያ በፊት ግን ዴስክቶፑ ላይ የተከማቹትን ትልልቅ ቪዲዮዎች አንሺ፣ አለበለዚያ 240 ጊጋው አይበቃሽም።