የጀልባዬ ወረቀት በአንዲት ክብ ፊደል ተያዘ

የጣናው፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ሲሆን በልጅነቴ የደንገል ታንኳ ስቀዝፍ ሊብሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድቼ በቅርቡ የቆየ ምኞቴን ፈጸምሁ። 17 ጫማ የአሉሚኒየም ጀልባ፣ 60 የፈረስ ጉልበት ካለው ሞተርና ከተሳቢው ጋር ገዛሁ። የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም።

ላስመዘግብ ብሄድ ወረቀቱን የተቀበለችኝ ሴት ሦስት ነገር አሳየችኝ። አንደኛ፣ አምራቹ የሚሰጠው የጀልባው የልደት ወረቀት ላይ መለያ ቁጥሩ መሐል «ኦ» የምትባል ፊደል አለች። ጀልባው ላይ ግን ዜሮ ትመስላለች። ሁለተኛው ስሜ ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም በሙሉ አለ፤ ሻጩ አያቴን ጥሎ፣ አባቴ ላይ አንድ ፊደል ጨምሮ ደረሰኝ ቆርጧል። ሦስተኛ፣ የተሳቢው ዋጋ 2,600 ዶላር ሆኖ ሳለ ከጀልባው ጋር ደምሮ 26,600 ብሎ ጽፎታል።

ሻጩ ጋ ስደውል «በስክሪብቶ አስተካክለህ ፈርምበት» አለኝ። ልቤ አልወደደውም። ከተገዛ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ 19ኙ አልፏል። ይህ የገጠመው ሰው አለ?

ቼሳፒክ ዳር፦
ጋሼ፣ እባክዎ ስክሪብቶውን ያስቀምጡት! ስድስት ዓመት ጀልባ መሸጫ ውስጥ ወረቀት ስሠራ ኖሬያለሁ። የአምራቹ ወረቀት ላይ ሥርዝ ድልዝ ከታየ ሰነዱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ያኔ ጥፋቱም ከሻጩ ወደ እርስዎ ይዞራል። ሻጩ ራሱ አምራቹን ጠይቆ አዲስ ማስመጣት አለበት።

አሁን ክቧን ነገር እንፍታት። መለያ ቁጥሩ ከጀልባው ኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ የተቀረጸው ባለ 12 ምልክት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአምራቹ መለያ ናቸው። ቀጥለው ያሉት አምስቱ የጀልባው ተራ ቁጥር ሲሆኑ እነዚህ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት ፊደላት አይገቡም፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ በመንግሥት ደንብ የተከለከለ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ከአምስቱ አንዷ ከሆነች ዜሮ ናት፤ ክርክር የለውም። የመብራት ነጸብራቅ ያለበት ፎቶ አይመኑ። ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ ለጥፈው በለስላሳ እርሳስ በጎን ይሹት፤ ቅርጹ ይወጣል።

እግረ መንገድዎን የመጨረሻዎቹን አራትም ይመልከቱ። ፊደሏ የተሠራበት ወር ናት፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር። ቀጥላ ያለችው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ስትሆን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዴሉ ዓመት ናቸው። ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩት። ቀኑ እንዳያልፍብዎ ደግሞ ጉዳዩን ለምዝገባ ቢሮው አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

ታክስ ከፋይ፦
እኔ ስለ ዋጋው ልበል። ሜሪላንድ ውስጥ የጀልባ ግብሩ ከመቶ 5 ነው። ተሳቢው ጀልባ አይደለም፤ እንደ መኪና ሌላ ቢሮ ይመዘገባል፤ እዚያም ለብቻው ያስከፍልዎታል። ተደምሮ ከቀረ በ2,600ው ላይ 130 ዶላር በከንቱ ይገፈግፋሉ። ለየብቻ ይጻፍልዎ። ስሙንም ከመንጃ ፈቃድዎ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጥ። አያትዎንም ያስመልሱ!

ጀልባ ወዳድ፦
ወረቀቱ ሲያልቅ ቁጥሩን ጀልባው ላይ ስታስለጥፍ አደራ፣ ከ3 ኢንች ያላነሰ፣ ቀጥ ያለ ወፍራም ፊደል ይሁን፤ ቀለሙም ከጀልባው ቀለም የሚለይ። እኔ የልጄ ጓደኛ በሚያምር ጠማማ ፊደል ሠርቶልኝ ውኃ ላይ አስቆመውኝ ልጆቼ ፊት አፈርሁ።

የጣናው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በባትሪ ብርሃን፣ ልጄ ወረቀቱን ይዛልኝ፣ በእርሳስ አሸሁት። ዜሮዋ ቁልጭ ብላ ወጣች።

ግን የኔ ልጅ፣ ቼሳፒክ ዳር፣ የመጨረሻዎቹን አራት ተመልከት ባትዪኝ ኖሮ ተሸውጄ ነበር። ኤፍ፣ 2፣ 23 ይላል። በጁን 2022 የተሠራ፣ የ2023 ሞዴል! ወረቀቱ ላይም ቁጥሩ በ23 ያልቃል፤ ከሥሩ ግን «ሞዴል 2024» ተብሎ ተጽፏል። ደረሰኙም እንደዚያው። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ጠዋት ሻጩ ጋ ሄድሁ። የእርሳሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ ዝም አለና «አዲሱ ሰነድ ከአምራቹ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለ ዋጋውም እንነጋገራለን» አለ። ስክሪብቶውን አላነሳውም። እኔም ከእሱ የስህተቱን ደብዳቤ አስጽፌ ለምዝገባ ቢሮው አስገብቻለሁ።

ጀልባው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ባለቤቴ ሸራው ላይ በርበሬ አስጥታለች።