«ማይ በአጭሩ የቼሪ አበባ ማለት ነው» ያለው ማነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሰሞኑን በየግሩፑ የሚዞረው የሕፃናት ስም ዝርዝር «ማይ፦ የቬትናም ሴት ስም፣ በአጭሩ የቼሪ አበባ» ይላል። ቼሪው ከጃፓን ተሰደደ?

ምንትዋብ፦ ይሄ ያናድዳል? ቼሪም ፕለምም ዘመዳሞች ናቸው። በአጭሩ ተባለ፣ አለቀ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ያበላሸው እሱ «በአጭሩ» ነው። በደቡብ ቬትናም፣ ሳይጎን ውስጥ፣ ለዘመን መለወጫቸው ለቴት ቤት የሚገባው ማይ ቢጫ ነው፤ ኦክና ከሚባለው ወገን፣ ከፕለም ጋር የማይዛመድ። በጨረቃ አቆጣጠር 12ኛው ወር በ15ኛው ቀን ግድም፣ ለቴት እንዲያብብ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእጅ ይለቅማሉ። እንቡጡ ትንሽ ከሆነ ቀደም ይላሉ፣ ከወፈረ ይቆያሉ። ቀኑን የሳተ ለበዓሉ ወይ ባዶ ቅርንጫፍ ወይ ርጋፊ ይታቀፋል። ቼሪ እንዲህ ይደረጋል?

ሃኖይ ናፋቂ፦ ደቡቡን ብቻ አገር አደረግከው! በሰሜኑ፣ ሃኖይ፣ ለቴት የሚገባው ሮዝ የኮክ አበባ ነው። «ማይ» በድሮው ሥነ ጽሑፍ ከቻይና የመጣው ፕለም ነው፤ ከጥድ፣ ከክሪሳንተመምና ከቀርከሃ ጋር በአራት የሚሳለው፣ በብርድ የሚያብበው። ገጣሚያቸው ንጉየን ዙ «የኪየው ታሪክ» በሚባለው ግጥሙ እህትማማቾቹን «ቁመናቸው ማይ፣ መንፈሳቸው በረዶ» ሲል ቢጫውን አስቦ ነው?

ምንትዋብ፦ ፕለም አላልኩም? ሁለታችሁም ለኔ እየመሰከራችሁ ነው።

ወዲ ማይጨው፦ ማይ ውሃ ነው ጎበዝ። ግእዝ ረሳችሁ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ድምፅ ስለገጠመ ዝምድና የለም። በቬትናምኛም ቃናው፣ ማለትም የድምፁ መውጣት መውረድ፣ ከተሳተ ሌላ ቃል ነው፤ እኛ «ገና»ን ስናጠብቀው በዓል፣ ስናላላው «ገና አልመጣም» እንደሚሆነው። ማይ ሳይወጣ ሳይወርድ ከተባለ ስሙ ነው፣ «ነገ»ም ይሆናል። ወደ ላይ ሲወጣ ጣራ ወይም ሴት ዶሮ። ቁልቁል ሲወርድ ቢላ መሳል። መሃሉ ላይ ተሰብሮ ሲወጣ «ለዘላለም»። የኛ ፊደል አንዱንም አያሳይም።

ምንትዋብ፦ ከአበባ ወደ ዶሮ! እና «ነገ»ም ከሆነ ለምን አበባ ላይ ሙጭጭ አላችሁ?

ሃኖይ ናፋቂ፦ አሁን ገና ጥያቄ ጠየቅሽ። ብቻውን አይነበብማ! ቱየት ማይ የበረዶ ማይ፣ ሹዋን ማይ የፀደይ ማይ ናት። ባን ማይ ግን ንጋት ናት፤ አበባ የሚባል ነገር የለበትም። ቲ ማይ ካልሽ ደግሞ «ቲ» ሴት መሆኗን ከመጠቆም በቀር ምንም አይጨምርም።

ወዲ ማይጨው፦ የበረዶ ማይ አልክ? በረዶ ሲቀልጥ ምን ይሆናል?

ፊደል ቆጣሪ፦ አንተን ማን ጠራህ?

ምንትዋብ፦ እሺ ሊቃውንት፣ ዝርዝሩ ላይ ምን ይጻፍ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ቢጫው የቴት አበባ።

ሃኖይ ናፋቂ፦ ፕለም! ስሟ ሙሉውን ሲታይ ደግሞ ሌላም ሊሆን ይችላል።

ምንትዋብ፦ በአጭሩ?