በክላሲካል ሙዚቃ መድረክ ምን ይለበስ? ጥቁር ሱፍ ወይስ የሀበሻ ልብስ

አስተባባሪ፣ ከደሴ፦ ወጣቶቻችን ለሕዝብ ሊያቀርቡት ያሰቡት ዝግጅት ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ የአውሮፓ ክላሲካል ሥራዎች በቫዮሊን፣ በቼሎና በፒያኖ፤ ቀጥሎ የባቲና የአምባሰል ቅኝት ዜማዎች በማሲንቆና በክራር። ኮሚቴው «ሁሉም ጥቁር ይልበስ» ብሎ ወስኗል፤ ብዙ ወላጆች ግን የሀበሻ ልብስ ይሻላል ብለው አልተቀበሉትም። ሐሳባችሁን ስጡን።

ማሲንቆ ተጫዋች፣ ከባቲ፦ እኔ ከወላጆቹ ጋር ነኝ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የእኛኑ አገር ስም ይዘው የሚጠሩ ናቸው። ባቲን በባቲ ልጅ እጅ እየሰማሁ ዓይኔ ከረባት ማየት የለበትም። ደግሞም በእኛ ዘንድ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የሚለበሰው ለሐዘን ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ለቅሶ ቤት የተቀመጡ መስለው እንዲያዩአቸው ለምን እናደርጋለን?

የኮሚቴ አባል፣ ከደሴ፦ ጋሼ፣ ጥቁሩ የተመረጠው ጆሮ እንዲቀድም ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቻይናዊቷ ፒያኖ ተጫዋች ዩጃ ዋንግ አሜሪካ ባለው የሆሊውድ ቦውል መድረክ ላይ አጭር ቀሚስ ለብሳ በተጫወተች ጊዜ ስለ ቀሚሷ ስንት ተባለ! የእኛም ልጆች የደከሙበት ሙዚቃ ተረስቶ የጥልፉ ውበት ሲወራ መስማት አልፈልግም።

የቫዮሊን መምህርት፣ ከደሴ፦ ስለ ጥቁሩ ልብስ አመጣጥ አንድ ነገር ልበል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ያ ጥቁር ኮት የወንዶች የማታ ልብስ ነበር፤ አድማጩም እንደ ተጫዋቹ ይለብሰው ነበር። አድማጩ ሲተወው ተጫዋቹ ይዞት ቀረ። ብዙ ሰው በተሰለፈበት ኦርኬስትራ ውስጥ ዓይንን ስለሚሰበስብ ይጠቅማል፤ ለጥቂት ልጆች ግን ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስቡ፤ እዚሁ አምባሰል፣ ግሸን ማርያም በምንኩስና የኖሩ ናቸው። ፒያኖውን በምንኩስና ልብሳቸው ሲጫወቱ ልብሱ ሙዚቃቸውን ሸፈነው ያለ አልሰማሁም።

ጋሼም ቢሆኑ ይስሙኝ፤ የሀበሻ ልብስ ሁሉ ለመድረክ አይሆንም። ቫዮሊን የሚያርፈው በግራ ትከሻና በአገጭ መካከል ነው። አንገት ዙሪያውን በወፍራም ጥልፍ የተሞላ ቀሚስ መሣሪያውን ያንሸራትታል፤ የብረት ክር ካለበት ደግሞ ቀለሙን ይፍቃል። ትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ ቀስቱ ሲወርድና ሲወጣ ክንድ ላይ ይጠመጠማል። አምባርና የእጅ ሰዓት የመሣሪያውን እንጨት ይመታሉ። ቼሎ በጉልበት መካከል ስለሚያዝ ጠባብ ቀሚስ ጨርሶ አይሆንም፤ ፒያኖ የምትጫወተውም ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ካደረገች ፔዳሉን በደንብ አትቆጣጠረውም። ስለዚህ ጥልፉ ከደረት ወደ ታችና በዘርፉ ላይ ይሁን፣ ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፣ እጅጌው ክርን ላይ ሰፋ ይበል።

ልብስ ሰፊ፣ ከኮምቦልቻ፦ መምህርቷ ያለችው ሁሉ ይሰፋል። እኔ የምጨምረው ገበር ነው። ሳሳ ያለ ነጭ ሸማ ጠንካራ መብራት ሲያርፍበት ገላ ያሳያል። ብብት ስርም ትርፍ ጨርቅ ይግባበት፤ ልጁ እጁን ሲያነሳ ልብሱ አብሮ መነሳት የለበትም።

እናት፣ ከሐይቅ፦ አብሽሩ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጄ ቼሎ ትጫወታለች፣ ሂጃብም ትለብሳለች። የኮሚቴው ደብዳቤ ስለ ራስ መሸፈኛ ምንም አላለም። ለአንድ ምሽት ሱፍ ግዙ ማለትስ የማንን ኪስ አይቶ ነው? የሀበሻ ቀሚስ ከቤታችን አለ።

የቫዮሊን መምህርት፦ እትዬ፣ ሂጃቧን ትልበስ፤ ማንም ሊያስወልቃት አይችልም። የቼሎ መቃኛ እንጨቶች ግራ ጆሮዋ አጠገብ ስለሚሆኑ ግን ጫፉ እንዳይያዝ ወደ ልብሷ ውስጥ ከትታ በመርፌ ቁልፍ ታጥብቀው። ስለ ገንዘቡ የተናገሩት ደግሞ ኮሚቴው ሊመልሰው የሚገባ ነው።

የኮሚቴ አባል፦ ስለ ሂጃቡና ስለ ወጪው ያነሳችሁት ትክክል ነው፤ ደብዳቤው ይስተካከላል። የልብሱ ቀለም ግን አንድ እንዲሆን አሁንም እከራከራለሁ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ ሌላው አብረቅራቂ ለብሶ እንዲወጣ አልስማማም።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ነጭ ይሁን፤ ለሁለቱም ክፍል፣ ለሴቱም ለወንዱም። ሽርጥ የለመደም ነጭ ሽርጡን ያገልድም።

የቫዮሊን መምህርት፦ እስማማለሁ። በመጪው ልምምድ ሁሉም የሚለብሰውን ለብሶ ይምጣና ሥራዎቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወት፤ ያንሸራተተ፣ የተያዘ፣ የጠበበ ልብስ ካለ ለልብስ ሰፊው እንሰጣለን።